የአንድ የኤንኤፍኤል ቡድን ሪሲቨሮችን ሲዝኑ ሳይጀመር መገምገም፦ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ከሥራ ባልደረቦች ጋር የሚደረገው የፋንታሲ ምርጫ (በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ እውነተኛ ተጫዋቾች ቁጥር የምንወዳደርበት ጨዋታ) ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «የዚህ ቡድን ሪሲቨሮች ዘንድሮ እንዴት ናቸው?» ሪሲቨር የሚወረወርለትን ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። የሦስት ሰው ስም ያውቃል፣ ያለፈው ዓመት ያርዳቸውን (በያዙት ኳስ ያገኙትን ርቀት) ያውቃል፣ ከዚያ ተነስቶ ይፈርዳል። ኦክቶበር ሲደርስ ፍርዱ አይያዝም።

ስህተቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ግምገማውን ከስም ይጀምራሉ። መጀመር ያለበት ግን ከኳሱ ነው፦ ቡድኑ ስንት ጊዜ ይወረውራል፣ አምና ለማን ይወረወር የነበረው ኳስ ባለቤት አጣ፣ የትኛውን ቦታ ማን ይሸፍናል፣ የሚወረውረውስ ማን ነው? ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኔ የምሠራበት ነው። ለመለማመጃ የግሪን ቤይ ፓከርስን የ2022 ዝግጅት እጠቀማለሁ፤ ውጤቱ ስለሚታወቅ እያንዳንዱን ደረጃ ከሆነው ነገር ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የቡድኑ ያለፈው ዓመት የተቀባዮች ሰንጠረዥ። ፕሮ ፉትቦል ሪፈረንስ ላይ በነፃ ይገኛል። የተጫወቱበትን ጨዋታ ብዛት፣ ታርጌት፣ የያዙትን ኳስና ያርድ ብቻ ቅዱ። ቡድኑ በጠቅላላ ስንት ጊዜ እንደወረወረም ጻፉ።
- የዘንድሮው ስም ዝርዝር፣ ከራሱ ከቡድኑ ድረ ገጽ፣ ሥራውን በምትጀምሩበት ቀን የተወሰደ።
- ቢያንስ ሁለት ሙሉ ጨዋታ። 22ቱም ተጫዋቾች የሚታዩበት ከላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ይሻላል፤ ኤንኤፍኤል ፕላስ ፕሪሚየም ላይ አለ።
- ወረቀትና እርሳስ። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ባዶ ሰንጠረዥ ክፈቱ።

ታርጌት ማለት ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ኳሱን ወደዚያ ሰው የወረወረበት ጊዜ ነው፣ ያዘውም አልያዘውም። ስለ ሪሲቨር ከሚጻፉ ቁጥሮች ሁሉ ከዓመት ዓመት የምተማመንበት ይሄ ነው። ታችዳውንን (ኳሱን ጎል መስመር በማሳለፍ የሚገኘውን ነጥብ) ግን ብዙ አትመኑ። ኳሱ ከጎሉ ሁለት ያርድ ላይ ሲደርስ አሰልጣኙ መሮጥ ከመረጠ የሪሲቨሩ ታችዳውን ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

መቼ ይሠራ? የልምምድ ካምፕ የሚከፈተው ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ የዝግጅት ጨዋታዎች ይመጣሉ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ ወደ 53 ሰው ይወርዳል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ኦገስት አጋማሽ ላይ ሥሩ፣ ከቅነሳው በኋላ እንደገና አንብቡት። ጁን ላይ የሠራችሁትን ግምገማ ይዛችሁ ምርጫ አትግቡ፤ በዚህ መካከል የሚጎዳው፣ የሚሸጠውና የሚሰናበተው ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 1፦ ባለቤት ያጣውን ኳስ ቁጠሩ

1. አምና ኳስ የተወረወረላቸውን ሁሉ በታርጌት ብዛት ከላይ ወደ ታች ደርድሩ። ታይት ኤንዶቹንና ረኒንግ ባኮቹን (ኳስ ይዘው የሚሮጡትን) አትተዉ። ተቀባይ ማለት ዋይድ ሪሲቨር ብቻ አይደለም።
2. የእያንዳንዱን ታርጌት ቡድኑ በወረወረው ጠቅላላ ብዛት አካፍሉ።
3. ከቡድኑ በወጡት ሰዎች ስም ላይ መስመር አስምሩ።
4. የተሰረዙትን ደምሩ። ድምሩ ዘንድሮ ባለቤት የሚፈልገው ኳስ ነው።

ወደ ግሪን ቤይ እንሂድ። በ2021 ቡድኑ 593 ጊዜ ወረወረ። ዴቫንቴ አዳምስ ብቻውን 169 ታርጌት ነበረው፤ 28.5 በመቶ ነው። ማርች 2022 ላይ ወደ ሬደርስ ተሸጠ። ማርኬዝ ቫልዴስ-ስካንትሊንግም 55 ታርጌት ትቶ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። የሁለቱ ድምር 224 ነው፣ ከጠቅላላው 38 በመቶ ገደማ። ከቀሩት ዋይድ ሪሲቨሮች ከፍተኛው አለን ላዛርድ ነበር፣ 60 ታርጌት። ራንዳል ኮብ 39።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ቁጥሩን በደንብ እዩት። የቀሩት ሁለቱ ተደምረው መቶ አይሞሉም፣ የሄደው 224 ነው። የሚሞላውም ከነባሮቹ አይደለም ማለት ነው፣ ገና ካልታዩት ነው። ያን ክረምት ስለ ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስ «ሮጀርስ እስካለ ድረስ ማንም ይይዛል» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ይህን ስሌት ሠርቶ ያየ ሰው ግን እንደዚያ በቀላሉ አይልም።

ማስጠንቀቂያ። የሄደውን ብቻ ቆጥራችሁ አትፍረዱ። በዚያው ማርች ካንሳስ ሲቲ ታይሪክ ሂልን ለማያሚ ሸጠ፤ እሱም በ2021 159 ታርጌት የነበረው ሰው ነው። ጉድለቱ ከግሪን ቤይ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በቀረው ሰው ላይ ነው፦ ታይት ኤንዱ ትራቪስ ኬልሲ በ2021 134 ታርጌት ነበረው፣ እዚያው ቀረ። በ2022 ኬልሲ 110 ኳስ ይዞ 1,338 ያርድ ሠራ፣ ኳርተርባኩ ማሆምስ 5,250 ያርድ ወረወረ፣ ቡድኑም የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውሉን፣ ወሰደ። ስለዚህ ከሄደው ድምር ጎን ሁልጊዜ ሁለተኛ ቁጥር ጻፉ፦ ከቀሩት መካከል ትልቁን ድርሻ የያዘው ማን ነው፣ ስንት?

ስሌቱ ካልገጠመ

- የታርጌቶቹ ድምር ከወረወረው ብዛት ካነሰ አትጨነቁ። ኳርተርባኩ ከጫና ለማምለጥ ወደ ውጭ የጣለው ኳስ ለማንም አይቆጠርም። ትንሽ ልዩነት ሁልጊዜ ይኖራል።
- ሰውየው ብዙ ጨዋታ ካመለጠው በዓመቱ ድምር አትመዝኑት። ኩፐር ካፕ በ2022 ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ 98 ታርጌት ነበረው። ከዓመቱ ሰንጠረዥ ላይ መካከለኛ ሰው ይመስላል፤ ለዘጠኝ ስታካፍሉት ግን በጨዋታ 11 ገደማ ይወጣል።
- የማጥቃት አሰልጣኙ ከተቀየረ አዲሱ ሰው አምና ባሠለጠነበት ቦታ ስንት ጊዜ እንደተወረወረ ፈልጉ። የአሮጌው ድምር ለእሱ አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹን በቦታ ከፋፍሉ

ብዙ አንባቢ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

አራት ሳጥን ሣሉ።

*ኤክስ።* መነሻው መስመር ላይ ቆሞ የሚጀምረው የዳር ሪሲቨር። በደንቡ ከሚያጠቃው ቡድን ቢያንስ ሰባት ሰው መስመሩ ላይ መሆን ስላለበት፣ ይሄ ሰው ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት አይፈቀድለትም። ኮርነርባኩ (የዳር ተከላካዩ) ፊቱ ቆሞ ኳሱ እንደተነሳ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፍበታል። ይህን ጥሶ የሚወጣ ሰው ሳይኖር ሳጥኑ ተሞልቷል አትበሉ።

*ዚ።* በሌላው ዳር፣ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት መንቀሳቀስ ይችላል፣ ስለዚህ እጅ አይበዛበትም።

*ስሎት።* ከውስጥ፣ በዳሩ ሪሲቨርና በመስመሩ ሰዎች መካከል። ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ የሚታጠፍ፣ ተከላካዮች ቦታ ተከፋፍለው ሲጠብቁ መካከላቸው ክፍተት አይቶ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

*ታይት ኤንድ።* ለሯጩ መንገድ የሚከፍትም ኳስ የሚይዝም።

አሁን የዘንድሮውን እያንዳንዱን ስም ሳጥን ውስጥ አስገቡ። አንድ ሰው ሁለት ሳጥን ውስጥ መግባት ይችላል፤ ነገር ግን ያያችሁት መሆን አለበት፣ የተመኛችሁት ሳይሆን።

በ2022 ግሪን ቤይ ላይ ሳጥኖቹ ምን ይመስሉ ነበር? ስሎት ላይ ኮብ፣ ኦገስት ላይ 32 ዓመት የሞላው። ላዛርድ ቁመታም፣ ለሯጩ መንገድ በመክፈት የታወቀ፣ ከውስጥም ከዳርም የሚሠራ። ሳሚ ዋትኪንስ ልምድ ያለው፣ ጉዳት ግን ዓመታት የተከተለው። ከድራፍት (ከኮሌጅ ተጫዋቾች ዓመታዊ ምርጫ) ክርስቲያን ዋትሰን በ34ኛ፣ ሮሚዮ ዳውብስ በ132ኛ። አዳምስ የሠራውን፣ ሰው ለሰው ሲጠበቅ ደረቱ ላይ ያለውን እጅ ጥሎ የማምለጥ ሥራ፣ በኤንኤፍኤል አሳይቶ የሚያውቅ ግን ከዝርዝሩ አልነበረም። የኤክስ ሳጥን ባዶ ነው። አምስት ስም ይዞ አንድ ሳጥን ባዶ ያለው ቡድን፣ ሦስት ስም ይዞ ሁሉን ከሞላው ቡድን የባሰ ነው።

አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ሰው ከተከማቸ ሦስቱም ጥሩ ዓመት ይኖራቸዋል ብላችሁ አታስቡ። ከሦስቱ ውስጥ ወደ ሌላ ሳጥን መሸጋገር የሚችለውን ፈልጉ። ከሌለ ሁለቱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዳር ያለው ቦታም እንደ ጎደለ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ቪዲዮውን እዩ፣ ኳሱን አትዩ

ለእያንዳንዱ ዋና ሰው 20 ሩጫ (ኳስ ለመቀበል የሚወጣበትን መንገድ) ቁጠሩ። ኳስ የተወረወረበትን ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ያልተወረወረበት የበለጠ ይናገራል። በቴሌቪዥኑ ስርጭት ሪሲቨሩ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከካሜራው ይወጣል፣ ከላይ የተቀረጸው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

1. ኳሱ ሊነሳ ሲል አቁሙት። ኮርነርባኩ ቅርብ ነው ወይስ ሰባት ስምንት ያርድ ርቆ ቆሟል? ጻፉ። ርቆ ከቆመ ፍጥነቱን ፈርተውት ሊሆን ይችላል።
2. ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ እግሩን ተመልከቱ። ጥሩ ሪሲቨር የመጀመሪያ እርምጃው ወደ ፊት ነው። ደካማው ቦታው ላይ ይረግጣል፣ ትከሻውን ይወዘውዛል፣ ከቦታው ግን አይነሳም።
3. የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንደገና አቁሙ። በእሱና በጠባቂው መካከል የክንድ ርዝመት አለ? ካለ «ክፍት» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።
4. ኳስ ከመጣለት በእጁ ነው የያዘው ወይስ ደረቱ ላይ አስደግፎ? ለብቻው ዓምድ ላይ ጻፉ።

ሦስተኛውና አራተኛው እንዳይቀላቀሉ ተጠንቀቁ። መክፈትና መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022፣ ሚኒሶታ ላይ፣ የግሪን ቤይ የመጀመሪያ ማጥቃት፣ የመጀመሪያው ኳስ። ዋትሰን ጠባቂውን በንጹሕ ፍጥነት ጥሎት አለፈ፣ ፊቱ ማንም የለም፣ ሮጀርስ የወረወረው ኳስ እጁ ላይ አረፈ፣ ከእጁ ወደቀ። 75 ያርድ ታችዳውን ይሆን ነበር። ቡድኑ 23 ለ 7 ተሸነፈ። በማግስቱ ዋትሰንን ከዝርዝራቸው የሰረዙትን አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ያ ሩጫ ግን በሦስተኛው ዓምድ «ክፍት» የሚል ምልክት ነበረው፣ እኔ ያነበብኩት አራተኛውን ብቻ ነው። ኖቬምበር ላይ ዳላስን ሲያሸንፉ ይኸው ልጅ በአንድ ጨዋታ ሦስት ታችዳውን ያዘ።

የዝግጅት ጨዋታ ላይ የወደቀ ኳስ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ክብደት አለው። ጃማር ቼስ በ2021 የዝግጅት ጨዋታ ላይ ደጋግሞ ኳስ ጣለ፣ ወሬውም ሳምንት ሙሉ አልቆመም። እሱ ራሱ የኮሌጁ ኳስ ነጭ መስመር እንዳለው፣ የኤንኤፍኤሉ እንደሌለው፣ ዓይኑ እስኪለምድ እንዳስቸገረው ተናገረ። ሲዝኑ ሲጀመር 81 ኳስ ይዞ 1,455 ያርድና 13 ታችዳውን ሠራ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከ20 ሩጫ ውስጥ «ክፍት» የሚለው ከአምስት ካነሰ። እጅ በልምምድ ይስተካከላል። ማምለጥ ያልቻለ ሰው ግን ኳሱ ጭራሽ አይመጣለትም።

የቪዲዮ አገልግሎቱ ከሌላችሁ የሊጉን ኔክስት ጄን ስታትስ ገጽ ክፈቱ። ተጫዋቾቹ ትከሻ መከላከያ ላይ ባለው መለያ አማካይነት ከጠባቂያቸው ያላቸው ርቀት ይለካል። አንድ ጥንቃቄ አድርጉ፦ አጭር ሩጫ ብቻ የሚሮጥ ሰው በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም ጠባቂው አምስት ያርድ ላይ ሊይዘው አይሞክርም። ርቀቱን ከሩጫው ጥልቀት ጋር አብራችሁ አንብቡ።

ደረጃ 4፦ የ40 ያርዱን ሰዓት በቦታው አስቀምጡ

አጭር ነው። ጆን ሮስ በ2017 ከድራፍት በፊት 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የወቅቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ሲንሲናቲ በ9ኛ ወሰደው፣ የተጠበቀውን ሳይሆን ቀረ። ኩፐር ካፕ በዚያው ዓመት 4.62 ነበር፤ በ2021 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድና 16 ታችዳውን ይዞ በሦስቱም ሊጉን መራ። ሰዓቱን ጻፉት፣ ግን ለብቻው ነጥብ አትስጡበት። በፍጥነት ብቻ የተመረጠ ሰው ላይ ተስፋ መጣል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚወረውረውን ሰው አያይዙ

የሪሲቨር ግምገማ ኳርተርባኩን ካልጨመረ ግማሽ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

- ኳርተርባኩ ከዚህ ሪሲቨር ጋር ስንት ሲዝን አሳልፏል?
- የመስመሩ ሰዎች ሦስት ሰከንድ ያቆዩታል? ካላቆዩት የጥልቅ ሩጫ ሪሲቨር ዋጋ ይወርዳል፣ የስሎቱና የረኒንግ ባኩ ይጨምራል።
- ኳርተርባኩ ቢጎዳ ተተኪው ማን ነው?

ሦስተኛውን ማንም አይጠይቅም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 አሮን ሮጀርስ ለጄትስ ገና በአራተኛው ኳስ ላይ የእግሩ ጅማት ተበጠሰ። የጄትሱ ሪሲቨር ጋሬት ዊልሰን በዚያ ዓመት 168 ታርጌት አገኘ፣ ከሊጉ ትላልቆች አንዱ ነው። የሠራው ግን 1,042 ያርድና 3 ታችዳውን ነው። ዊልሰን አልቀነሰም፣ የሚወረወርለት ኳስ ጥራት ቀነሰ። በወረቀታችሁ ላይ የተተኪውን ስም ጻፉ፣ «በእሱ ጊዜ የቡድኑ ሪሲቨሮች ስንት ይቀራሉ?» ብላችሁ በአንድ ቃል መልሱ።

ጥሩ ሪሲቨሮችና ጥሩ ቁጥር አንድ አይደሉም። ፊላዴልፊያ በ2024 ኤ ጄ ብራውንና ዴቮንታ ስሚዝን ይዞ በሊጉ ውስጥ በጣም ጥቂት ከወረወሩት ቡድኖች ነበር፤ ሴክዎን ባርክሊ 2,005 ያርድ ይሮጥ ነበርና። ሱፐር ቦውሉንም አሸነፉ። ስለ ቡድኑ ብርታት ከተጠየቃችሁ «ከምርጦቹ ናቸው» በሉ፤ ስለ ፋንታሲ ከሆነ የሚወረወረውን ብዛት አይታችሁ ዋጋቸውን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱን መልስ በሁለት መስመር ለይታችሁ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ አንደኛውን አውጡና እንደገና እዩ

በወረቀታችሁ ላይ የአንደኛውን ሪሲቨር ስም በጣታችሁ ሸፍኑ። የቀረው ቡድን አራቱን ሳጥን ይሞላል?

ከዚያ የጉዳት ዝርዝሩን አንብቡ። ካምፕ ሲጀመር ለልምምድ ብቁ ያልሆነ ተብሎ የተመዘገበ ሰው በማንኛውም ቀን መመለስ ይችላል። ከቅነሳው በኋላም እዚያው ዝርዝር ላይ ከቀረ ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አይጫወትም። ዋትሰን በ2022 የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ካምፑን የጀመረው በዚያ ዝርዝር ላይ ሆኖ ነው፤ ለእሱ አዲስ ከሆነው ኳርተርባክ ጋር የሚለምድበትን ሳምንታት አጣ። ላዛርድም በቁርጭምጭሚት ጉዳት የመጀመሪያውን ጨዋታ አልተሰለፈም። የጭን ጡንቻ ጉዳት ያለበትን ሪሲቨር በተለይ ተከታተሉ፣ ተመልሶ ይመጣል።

በጣታችሁ ሸፍናችሁ ስታዩ የሚወጣው ስም አንዳንዴ የማታውቁት ነው። ያኔ ገጹን አትዝጉ። በ2023 ካፕ በጭን ጡንቻ ጉዳት የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ሲያጣ፣ በ177ኛ የተመረጠው የቡድን ጓደኛው ፑካ ናኩዋ በመጀመሪያው ጨዋታ 10 ኳስ፣ በሁለተኛው 15 ያዘ። ሲዝኑን በ105 ኳስና በ1,486 ያርድ ጨረሰ፤ ሁለቱም በወቅቱ የጀማሪ ክብረ ወሰን ነበሩ።

ደረጃ 7፦ የካምፕ ወሬ አጣሩ

ከካምፕ የሚወጣ ዜና ሁለት ዓይነት ነው። «በአንድ እጁ ያዘ»፣ «ሰውነቱ ተለውጧል»፣ «አሰልጣኙ አመሰገኑት» የሚለውን እለፉት። «ከመጀመሪያው ኳርተርባክ ጋር ተሰልፎ ልምምድ ሠራ»፣ «ከዳር ወደ ስሎት ተዛወረ»፣ «በሦስተኛ ሙከራ ላይ (አሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች በሦስተኛው) ሜዳ ላይ ቀረ» የሚለውን ከነቀኑ ጻፉ። አንድ ሰው በተለያየ ዘጋቢ ሦስት ቀን በተከታታይ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ከተጠቀሰ ሳጥኑን ቀይሩለት።

በዝግጅት ጨዋታ ላይ ያልታየውንም አስተውሉ። እንደ ሾን ማክቬይ ያሉ አሰልጣኞች ዋና ተጫዋቾቻቸውን አያሰልፉም። አዲስ ልጅ ከነባሮቹ ጋር ልብስ ሳይቀይር ዳር ከቆመ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ጉዳት እንደሌለበት አረጋግጡ።

ቡድኑ ራሱ የሚያወጣው የሰልፍ ሰንጠረዥ ኦገስት ላይ ብዙ ጊዜ ነባሩን በዕድሜው ያስቀድማል። ከልምምድ ዘገባው ጋር ከተጋጨ ዘገባውን እመኑ።

ደረጃ 8፦ ፍርዱን ጻፉ

ከአስር ስንት የሚል ነጥብ አትስጡ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በስም መልሱ፦

1. ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ ሰባት ያርድ ቀርቷል፣ ሁሉም ሰው ለሰው ነው። ኳሱ ለማን ነው?
2. ተከላካዮቹ አንደኛውን በሁለት ሰው ከያዙት የሚቀጣቸው ማን ነው?
3. ጎሉ አሥር ያርድ ሲቀረው ማን ይቆማል?

ሦስቱም ላይ አንድ ስም ከመጣ ቡድኑ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ላይ ስም ካጣችሁ ያ ጉድለት ነው፣ በግልጽ ጻፉት። ግሪን ቤይ በ2022 ሁለተኛው ላይ ብቻ ሳይሆን አንደኛው ላይም ስም አልነበረውም። ማንም 1,000 ያርድ ሳይደርስ፣ ላዛርድ በ788 እየመራ፣ ከ13 ድል ወደ 8 ወረዱ።

ከጽሑፋችሁ ሥር ቀን አስፍሩ። ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ ወረቀቱን አውጡና የእያንዳንዱን ሰው የታርጌት ድርሻ እንደ ደረጃ 1 እንደገና አስሉ። ከገመታችሁት ከአምስት በመቶ በላይ የራቀ ሰው ካለ ያርዱን ትታችሁ ወደ ሳጥኖቹ ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ያስገባችሁት ሰው ነው።